የሊፍት ሳንቲም

ቀን አስተማሪ ነኝ፣ ጠመኔ ሲሳዬ፣
ሲመሽ ተላላኪ፣ ሣጥን በጀርባዬ።
ምክንያቱ ትንሽ ነው፤ ፒክሪያ፣ የእኔ ልጅ፣
ጥርሷ ተደራርቦ፣ ስትስቅ በእጅ
ትጋርዳለችና። ሐኪሙ ለሽቦው
ሦስት ሺህ ላሪ አለ። ደሞዜን ብጨምቀው
ጠብ አልል አለኝ።

አለቃዬ ስልክ ነው፤ ግንባር የለው፣ ዓይን የለው፤
ሲጠራኝ ይንጫጫል፣ ስጠራው ዝም ነው።

አልክድም፣ ይቀናል። ዝናብ የጣለ ለት
ዋጋው እጥፍ ይሆናል፤ ትብሊሲ እቤት
ተከታ፣ ትኩስ ኺንካሊ ሲያምራት፣
ጎርፉን ቀዝፌ እኔ ነኝ የማደርስላት።
አንድ ማታ ብቻ፣ በኅዳር፣ ዘጠና
አራት ላሪ ሠራሁ፤ በቬራ ጎዳና
ቁልቁለቱን ወረድኩ ሞተሬን አጥፍቼ፣
ስበት እየነዳኝ፣ እግሬን ዘርግቼ፣
እንደ ጎረምሳ እያፏጨሁ።

ሌላም ማታ አለ።
ምግብ ቤቱ ደጃፍ አርባ ደቂቃ ሙሉ
ሾርባ ስጠብቅ ቆሜ፣ «ቀዝቅዞ ነው» አሉ
ያዘዙት ሴትዮ፤ አንዲት ኮከብ ጣሉልኝ።
ሰባት ቀን ሙሉውን ስልኩ ሥራ ነፈገኝ።
ስለ ኮከብ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አስተምሬያለሁ፤
ስትወድቅ የሰው ኪስ የምታቃጥል ግን ገና አሁን አየሁ።
ጎማ ሲፈነዳ «አጋራችን» ይሉኛል፤
ትርፍ ሲከፋፈል ስሜ ይጠፋባቸዋል።

ግልዳኒ፣ ሐሙስ ማታ፤ አሥራ ስድስተኛ ፎቅ።
አሥራ አምስተኛዬ ናት፤ ስድስት ሰዓት ሳይደውል
ካደረስኳት ጉርሻው ሃያ ላሪ ይሆናል።
እዚህ አገር ሊፍቱ፣ ላላየ ልንገረው፣
ሳንቲም ካልጎረሰ ንቅንቅ የማይል ነው፤
ሃያ ቴትሪ ብቻ። ኪሴን ገለበጥኩት፦
የጠመኔ ስባሪ፣ የቤንዚን ደረሰኝ፣
የፒክሪያ የፀጉር ላስቲክ።
ሁሉ በካርድ ይከፍላል፤ ሳንቲም ከየት ይምጣ?
ስምንት ኪሎ ይዤ ደረጃውን ልወጣ
ጀመርኩ።

ሰባተኛው ላይ፣ ቁና ቁና ስተነፍስ፣
የጠዋት ትምህርቴ መጣብኝ፣ እንደ ክስ፦
«ሸክም የያዘ ሰው አግድም ቢጓዝበት፣
በፊዚክስ ሕግ ሥራ አልሠራም፣ ልብ በሉት፤
የሚቆጠርለት ሽቅብ ሲወጣ ነው።»
የስልኩ ሃይማኖት ደግሞ ግልብጡ ነው፤
ካርታው ጠፍጣፋ ነው፣ ፎቅ የሚባል አያውቅም፣
ለአግድሙ ይከፍላል፣ ለሽቅቡ አይከፍልም።
አንዱ መንገዴን ካደ፣ አንዱ ደረጃዬን፤
ጉልበቴ ግን መዝግቧል ሁለቱን።

በሩን የከፈተው ሚንዲያ ነው፣ ከኋላ ወንበር፣
ቁጥር ጽፎ መለኪያ መጻፍ የማይወድ ተማሪዬ።
ሄልሜቴን አላወለቅኩም። እሱም ስሜን አልጠራም።
ፒሳውን ተቀበለና ጫማዬን፣
ጠመኔ የነካውን፣ አይቶ ቆየ።
ስልኩ «አራት ደቂቃ ዘግይተሃል» አለ። ጉርሻው ቀረ።

ሰኞ ፈተና ሰጠሁ። ሦስተኛው ጥያቄ፦
«አንድ ሰው ስምንት ኪሎ ይዞ
አርባ አምስት ሜትር ሽቅብ ቢወጣ፣ ሥራው ስንት ነው?
የራሱን ክብደት አትቁጠሩት።»
ሚንዲያ «ሦስት ሺህ ስድስት መቶ ጁል» ብሎ ጽፏል፣ ከነመለኪያው፤
ከመልሱ ሥር፣ በፕላስተር የተለጠፈች፣
አንዲት ሃያ ቴትሪ።

ለመልሱ ሙሉ ነጥብ ሰጠሁት።
ለሳንቲሟ ቀይ እስክሪብቶዬ ቃል አጣ።

ዛሬም ሐሙስ ነው። ዝናብ ነው፤ ዋጋው እጥፍ ነው።
ስልኩ ይንጫጫል። ልሂድ፤ ስንተኛ ፎቅ ነው?
ሳንቲሟ ደረት ኪሴ ውስጥ ናት።
ሞተሩን ሳስነሳ ፒክሪያ ከመስኮት
እየሳቀች እጇን አውለበለበች፣
ያንኑ እጇን፣ ያንን የምትጋርድበት።